ሙያ የማይሰጠው ማስተርስ፤ እህታችን ይማሩት ወይስ ይተዉት?



በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ለሌሎች ቤተሰቦችም ይጠቅማል ያልነውን አንዱን መርጠናል። ጸሐፊዋ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የሚኖሩ እህታችን ናቸው። በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘዋል። እዚያ ከሄዱ ወዲህ ግን በአረጋውያን መጦሪያ ቤት እየሠሩ፣ ታክሲ ከሚያሽከረክሩት ባለቤታቸው ጋር ሁለት ልጆች ያሳድጋሉ። ደብዳቤያቸውን አሳጥረን እናቅርበው።

«አባቴ ወሎ ውስጥ ደረሳ የሚያስቀሩ ሸኽ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸውና ካለፉ ቆይተዋል። በድምፃቸው የተቀዱ የመንዙማ ካሴቶች በእጄ አሉ። ልጆቼ ድምፁን ይወዱታል፣ የሚለውን ግን አያውቁም። ከአባቴ ዘንድ የቀሩት ሽማግሌዎችም በየዓመቱ እያለቁ ነው። ሰሞኑን አንድ ዩኒቨርሲቲ ማታ ማታ የሚሰጥ ‹ማስተር ኦፍ አርትስ ኢን ሊበራል ስተዲስ› የሚባል ትምህርት እንዳለው አየሁ። ታሪክን፣ ሥነ ጽሑፍንና ሃይማኖትን አጣምሮ መማር ይቻላል ይላል። የአባቴን ነገር በሥርዓት የምጽፍበት መንገድ ይህ ነው ብዬ ልቤ ተነሣ። ባለቤቴ ግን ‹ሊበራል› የሚለው ቃል አላማረውም። ወንድሜ ደግሞ ‹በዚያ ገንዘብ ነርሲንግ ተማሪ› ይለኛል። ብድሩም ወለድ አለው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ጥያቄው አራት ነገሮችን ይዟል፤ ስሙን፣ የሚጠየቀውን መስፈርት፣ ገንዘቡን፣ በመጨረሻም ጥቅሙን። በተራ እንያቸው።

ስሙ ምን ማለት ነው?

ባለቤትዎ በቃሉ መጠራጠራቸው አይፈረድባቸውም። «ሊበራል» ሲባል ብዙ ሰው ወደ ፖለቲካው ወይም በሃይማኖት ልል ወደ መሆን ይወስደዋል። እዚህ ላይ ግን ቃሉ ሌላ ነው። ሥሩ የላቲን ሲሆን ትርጉሙ «ለነጻ ሰው የሚገባ» ማለት ነው። በጥንቱ ሮማውያን አስተሳሰብ የእጅ ሥራ ለባሪያ የሚገባ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ለነጻ ሰው የሚገባው ደግሞ አእምሮን የሚያሠለጥን ዕውቀት። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ እነዚህ ዕውቀቶች በሰባት ተቆጠሩ። ሰዋስው፣ መንጢቅ (የአመክንዮ ትምህርት)፣ የንግግር ጥበብ፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ዜማና የከዋክብት ዕውቀት ናቸው። ነሕውን፣ መንጢቅንና በላጋን ለቀራ የእኛ ደረሳ ይህ ዝርዝር ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም።

የዛሬው «ሊበራል ስተዲስ» ማስተርስ የወጣው ከዚህ ሐሳብ ነው። በአሜሪካ ፈር ከቀደዱት አንዱ በኮነቲከት ግዛት ያለው ዌዝሊያን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1953 ጀመረው። ጆንስ ሆፕኪንስ በ1962፣ ዳርትመዝ በ1970 ተከተሉ። ዓላማው አስተማሪዎችና ሌሎች ሠራተኞች ሥራቸውን ሳይተዉ፣ በአንድ የትምህርት ዘርፍ አጥር ሳይታጠሩ ከፍተኛ ትምህርት እንዲማሩ ነበር። እህታችን ከሚኖሩበት ቅርብ የሆነው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲም ይህን ትምህርት ለዓመታት ሲሰጡ ከቆዩት አንዱ ነው።

ጆርጅታውንን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። ዩኒቨርሲቲው የካቶሊኮች ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1999 ለሙስሊም ተማሪዎች የሙሉ ጊዜ ኢማም በመቅጠር ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቀዳሚ ሆነ። በ2023 ደግሞ በግቢው ውስጥ ያለው መስጊድ «ያሮ ማሙት» በሚባል ሰው ስም ተሰየመ። ያሮ ማሙት ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰደ የፉላኒ ሙስሊም ነበር። በ1796 ነጻ ወጣ፤ በ1800 እዚያው ጆርጅታውን ሰፈር ቤት ገዛ፤ በ1823 እስኪሞት ድረስም በእስልምናው ጸና። የነጻ ሰው ትምህርት በሚሰጥበት ግቢ፣ ባሪያ ተደርጎ የኖረ የአንድ ሙስሊም ስም በመስጊድ ላይ መዋሉን ልብ ይሏል። ስለዚህ ስሙ ብቻውን ሰውን ከዲኑ አያወጣም። ማየት የሚገባው በየኮርሱ የሚሰጠውን ትምህርትና የተማሪውን ኒያ ነው።

ለመግባት የሚጠየቀው

መስፈርቱ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። በብዙዎቹ ዘንድ ግን የሚከተሉት ይገኛሉ።

አንደኛ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። በየትኛውም የትምህርት ዓይነት ቢሆን ግድ የለም። በእርሻ፣ በሒሳብ አያያዝ ወይም በታሪክ የተመረቀ እኩል ማመልከት ይችላል። ይህ ትምህርቱን ከሌሎቹ ማስተርሶች ከሚለዩት ነገሮች አንዱ ነው።

ሁለተኛ፣ ዲግሪው ከአሜሪካ ውጭ የተገኘ ከሆነ በአንድ ገምጋሚ ድርጅት ይመዘናል። «ወርልድ ኤዱኬሽን ሰርቪስስ» ከእነዚህ የታወቀው ነው። ብዙ ጊዜ ውጤቱ ኮርስ በኮርስ እንዲተረጎም ይፈለጋል። ትራንስክሪፕቱንም ተመራቂው በእጁ ይዞ ከሚመጣ የተማረበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ቢልከው ይመረጣል። ከአገር ቤት ይህን ማስላክ ጊዜ ይወስዳል። የወጪ መጋራት ዕዳ ያለበት አስቀድሞ ይጨርስ፤ ወኪል የሚያስፈልገውም ውክልናውን በጊዜ ያዘጋጅ። ብዙ ሰው የሚዘገየው በዕውቀት ማነስ ሳይሆን በዚህ ወረቀት ነው።

ሦስተኛ፣ የእንግሊዝኛ ችሎታ ነው። ቶፍል ወይም አይኢልትስ ሊጠየቅ ይችላል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ቀድሞ የተማሩት በእንግሊዝኛ መሆኑን ሲያረጋግጡ ፈተናውን ይተዉታል። የእኛ አገር ዩኒቨርሲቲዎች በእንግሊዝኛ ስለሚያስተምሩ ይህን መጠየቅ ያዋጣል። ጂአርኢ የሚባለውን ፈተና ግን አብዛኞቹ የሊበራል ስተዲስ ክፍሎች አይፈልጉም።

አራተኛ፣ ሁለት ወይም ሦስት የድጋፍ ደብዳቤዎችና አመልካቹ ራሱ የሚጽፈው የዓላማ መግለጫ ነው። እህታችን ከተማሩ ብዙ ዓመት አልፏልና ከአሠሪያቸው የሚገኝ ደብዳቤም ሊያገለግል ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው መግለጫው ነው። «ዕውቀት እወዳለሁ» የሚል መግለጫ ብዙ ይመጣል። «የአባቴ የመንዙማ ካሴቶች አሉኝ፤ ታሪካቸውንም ቋንቋቸውንም አውቄ ልጽፋቸው እፈልጋለሁ» የሚል ግን በዓመት አንድ እንኳ ላይመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ በአገር ቤት ላላችሁ ወጣቶች አንድ ማሳሰቢያ አለን። ይህ ትምህርት በአብዛኛው የማታና የትርፍ ጊዜ ነው። ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ የሚሄድ ሰው ግን ሙሉ ጊዜ መመዝገብ አለበት፤ ከርቀት ትምህርትም በአንድ ሴሚስተር ከአንድ ኮርስ በላይ አይቆጠርለትም። ስለዚህ ክፍሉ ለቪዛ የሚሆን የሙሉ ጊዜ ምዝገባ እንዳለው ሳታረጋግጡ የማመልከቻ ገንዘብ አትክፈሉ።

ገብቶ ለመጨረስ የሚጠየቀው

አብዛኞቹ ከ30 እስከ 36 ክሬዲት ይጠይቃሉ። አንድ ኮርስ ሦስት ክሬዲት ነው ብንል ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ኮርስ ይሆናል ማለት ነው። ይህም በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ሁሉም የሚወስዱት መሠረታዊ ሴሚናር ነው። እዚያ ተማሪው አንድን ጥያቄ በተለያዩ ዕውቀቶች ዓይን ማየትን፣ ማንበብንና የምርምር አጻጻፍን ይለማመዳል። ሴሚናር ማለት አስተማሪ ሲናገር ጽፎ መውጣት አይደለም። ሳምንቱን የተነበበውን ይዞ መከራከር ነው። የምንጩን ገጽ ሳይጠቅሱ የሰውን ሐሳብ መውሰድ እዚያ ከባድ ጥፋት ሲሆን ከትምህርት ያስባርራል። በእኛ ዘንድም ዕውቀት ከነሰነዱ ነውና አማና መጠበቅ ይህ አዲስ አይደለም።

ሁለተኛው ተማሪው ራሱ የሚመርጣቸው ኮርሶች ናቸው። «ኢንተርዲሲፕሊናሪ» ወይም ዘርፈ ብዙ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ኮርሶቹ ቢያንስ ከሁለት የተለያዩ ዘርፎች እንዲመጡ ይፈለጋል። ከታሪክ፣ ከሃይማኖት ጥናት፣ ከሙዚቃ፣ ከሥነ ጽሑፍ፣ ከሕግ ሊሆን ይችላል። እንደ ሸቀጥ ከየመደብሩ አንዳንድ ማንሳት ግን አይደለም። ሁሉም ወደ አንድ ጥያቄ መሄድ አለባቸው። ተማሪውም ከአማካሪው ጋር ተመካክሮ ዕቅዱን ያጸድቃል።

የወሎ ደረሳ ይህን በእግሩ ነበር የሚሠራው። ፊቅሁን ከአንዱ ሸኽ ይቀራል፤ ነሕው በሌላው ዘንድ ጠንካራ ነው ሲባል ስንቁን ይዞ ወደዚያ ይሻገራል፤ ለተፍሲር ደግሞ ሌላ ተራራ ይወጣል። ከየቦታው የተቀራውን በአንድ ራስ ላይ የሚያጣምረው ራሱ ደረሳው ነው። ከቀደሙት ሊቃውንትም ኢብን ሩሽድን (1126–1198) ብንወስድ ቃዲ ነበሩ፣ ሐኪም ነበሩ፣ ፈላስፋም ነበሩ። በፊቅህ የመዝሀቦችን ልዩነት የሚያነጻጽር፣ በሕክምና ደግሞ አጠቃላይ መርሖዎችን የሚያስረዳ ኪታብ ጽፈዋል። አንዱ ዕውቀት ሌላውን አላስጣላቸውም።

ሦስተኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ከእሱ በፊት ግን ሁለት ጥቃቅን የሚመስሉ ሁኔታዎችን እንጥቀስ። ለመመረቅ አማካይ ውጤቱ በብዙ ቦታ ከ3.0 ማለትም ከ«ቢ» እንዳይወርድ ይፈለጋል። የጊዜ ገደብም አለ፤ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት የተለመደ ነው። ገደቡ ካለፈ ቀድሞ የተወሰዱት ኮርሶች ሊሠረዙ ይችላሉ። ወሊድም ሆነ ሕመም ሲያጋጥም «ፈቃድ ወስጃለሁ» የሚል ወረቀት አስሞልቶ መውጣት እንጂ ዝም ብሎ መቅረት አይገባም።

የመመረቂያ ጽሑፉ

ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 100 ገጽ ይሆናል። አንዳንድ ቦታ በሌላ የማጠቃለያ ሥራ ወይም በተጨማሪ ኮርስ ሊተካ ይችላል። ጽሑፉ ቢያንስ ሁለት ዘርፎችን አጣምሮ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። ተማሪውን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ የጥያቄው ስፋት ነው።

በእህታችን ነገር እንየው። «የወሎ መንዙማ ታሪክ» ቢሉ ሃያ ዓመት አይበቃም። «የአባቴ ሕይወት» ቢሉ ደግሞ የቤተሰብ ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል። «በአባቴ ካሴቶች ላይ ያሉት መንዙማዎች በዚያ ዘመን ስለነበረው ረሀብና ስደት ምን ይላሉ? ዓረብኛውና አማርኛውስ በግጥሙ ውስጥ የየራሳቸው ሥራ ምንድን ነው?» ቢሉ ግን ታሪክም አለበት፣ ሥነ ጽሑፍም አለበት፣ ዲንም አለበት። በመቶ ገጽም ይመለሳል። ይህ ምሳሌ እንጂ ጥያቄውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ሌላም ምሳሌ ለወጣቶች። ሰሐቦች እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ወደ ሐበሻ ያደረጉትን የመጀመሪያ ሂጅራ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ተማሪ ይህን ታሪክ ከዛሬው የስደተኞች ሕግ ጋር አቆራኝቶ፣ ጥገኝነት መስጠት በሁለቱ ዘንድ በምን ላይ እንደቆመ ቢጠይቅ ታሪክና ሕግን አጣመረ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሽማግሌዎችን ለጥናት ቃለ መጠይቅ ለማድረግ የዩኒቨርሲቲውን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ማግኘት ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ አማካሪዎን በመጀመሪያው ዓመት ይጠይቁ። ለቤተሰብዎ ብለው መቅዳት ግን የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም፤ የተቀዳዩ ፈቃድ ብቻ ይበቃል።

ገንዘቡና ወለዱ

ይህ አምድ ፈትዋ አይሰጥም። ወለድ ያለበትን የትምህርት ብድር በተመለከተ በአካባቢዎ ያሉ የታመኑ ዓሊምን ይጠይቁ። እኛ ማሳየት የምንችለው ያለ ብድር የሚኬድበት መንገድ መኖሩን ነው። የማታ ትምህርት ትልቁ ጥቅሙም ይህ ነው።

አንደኛው መንገድ አንድ በአንድ መውሰድ ነው። 30 ክሬዲት አሥር ኮርስ ነው። በዓመት ሁለት ቢወስዱ በአምስት ዓመት ያልቃል። ሁለተኛው መንገድ አሠሪ ነው። በአሜሪካ ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከግብር ነጻ መክፈል ይችላል። ብዙ የሕክምናና የመጦሪያ ድርጅቶች ይህ ዕቅድ አላቸው፤ ሠራተኛው ግን አይጠይቅም። አንዳንዶቹ ከሥራው ጋር የተያያዘ ትምህርት ብቻ ስለሚከፍሉ መመሪያውን አስቀድሞ ማንበብ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ክሬዲት 1,200 ዶላር ነው እንበል። አንድ ኮርስ 3,600፣ በዓመት ሁለቱ 7,200 ይሆናል። አሠሪ 5,250ውን ቢሸፍን የሚቀረው 1,950 ነው፤ በወር ሲካፈል 163 ዶላር ያህል ማለት ነው። አሠሪው ካልከፈለ ግን በወር 600 ዶላር ነውና ከቤት ኪራይና ከልጆች ወጪ ጋር ሳይታለሉ ይመዝኑት። ሦስተኛው መንገድ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥራ መያዝ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሠራተኞቻቸው፣ ጽዳትና ምግብ ቤት ለሚሠሩትም ጭምር፣ ኮርስ በነጻ ወይም በቅናሽ ይሰጣሉ።

ታዲያ ይማሩት?

እውነቱን እንነጋገር። ይህ ማስተርስ የሙያ ፈቃድ አይሰጥም። ነርስ፣ የሒሳብ ባለሙያ ወይም ጠበቃ አያደርግም። በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚያስተምር ሰው በብዙ ቦታ የደሞዝ እርከን ከፍ ሊያደርግለት ይችላል፤ ያውም ወረዳው ዲግሪውን ከተቀበለው። በጽሑፍ፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በማኅበር ሥራ ላይ ላለ ሰውም ያግዛል። «ከተመረቅሁ በኋላ ገቢዬ ያድጋል» ብሎ የሚገባበት ሰው ግን ሊያዝን ይችላል።

ስለዚህ ወንድምዎ የሚሉት ከንቱ አይደለም። የቤቱ ችግር ዘንድሮ ገንዘብ ከሆነ ነርሲንጉ ይቅደም። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ ለልጆች ሪዝቅ መድከምም በአላህ ዘንድ ምንዳ አለው። ቤቱ ቆሞ የሚሄድ ከሆነና የቀረው የአባትዎ አደራ ከሆነ ግን፣ ይህ ትምህርት ለዚያ የተሠራ ያህል ይገጥማል።

በሁለቱም መንገድ ግን የማይዘገይ አንድ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲው በሚቀጥለው ዓመትም ይኖራል። ሽማግሌዎቹ ግን ላይኖሩ ይችላሉ። ካሴትም ዕድሜ አለው፤ ክሩ ይደርቃል፣ ድምፁ ይደበዝዛል። ስለዚህ ማመልከቻውን ሳይሞሉ፣ ይህ ወር ሳያልቅ፣ ካሴቶቹን ወደ ዲጂታል ያስገልብጡ። ሁለት ቅጂ ያስቀምጡ፤ አንዱ በሌላ ቤት ይሁን። ከዚያ ለአባትዎ ደረሳዎች ስልክ ይደውሉ። መንዙማው መቼ እንደተባለ፣ ማን ማን እንደነበረ፣ ይህ ስንኝ ስለ ምን እንደሆነ እየጠየቁ ይቅዱ። ይህ ያለ ማንም ዲግሪ የሚሠራ ነው። በኋላ ቢማሩ ጥናትዎ ግማሹ ተሠራ ማለት ነው፤ ባይማሩም የልጆችዎ ቅርስ ዳነ።

ቀጥሎ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዲግሪ ሳይገቡ አንድ ወይም ሁለት ኮርስ መውሰድ ይፈቅዳሉ። ሲገቡ ሊቆጠርልዎ እንደሚችል በጽሑፍ አስረጋግጠው አንዱን ይሞክሩ። ባለቤትዎም ከእርስዎ ጋር ሄደው የኮርሱን ዝርዝር ይመልከቱ። በወሬ የተጠራጠሩትን በዓይን ሲያዩት ልባቸው ያርፍ ይሆናል፤ ካላረፈም የሚነጋገሩበት ቁም ነገር ያገኛሉ። ሹራ ከቤት ይጀምራልና። በትምህርቱ ማታ ልጆቹን ማን እንደሚያስተኛ፣ ቁርኣናቸውን ማን እንደሚያስቀራ ከምዝገባው በፊት ይወሰን።

ረመዷንንም አይርሱ። በእነዚህ ዓመታት ረመዷን የሚውለው በአሜሪካ የክረምት ወራት ነው። በ2026 ከየካቲት አጋማሽ በኋላ በሚገባበት ጊዜ በእናንተ አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ትንሽ ቀደም ብላ ነው፤ በአገር ቤት አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። የማታው ክፍል የሚጀምረውም በዚያው ሰዓት አካባቢ ነው። ለአስተማሪው በሴሚስተሩ መጀመሪያ ቢነግሩት ለፊጥርና ለመግሪብ ጥቂት ደቂቃ መስጠት አይከብደውም። በመጨረሻው ሰዓት የሚነገር ግን ሰበብ ይመስላል።

ውድ አንባቢያን፣ በየቤታችን እንዲህ ያለ ካሴት፣ ወይም ዳር ዳሩን ምስጥ የበላው ኪታብ፣ ወይም «እኔ ሳልሞት ጠይቁኝ» የሚሉ አያት አሉ። ሁላችንም ማስተርስ ላንማር እንችላለን። መጠየቅ ግን ሁላችንም እንችላለን። እህታችን የደረሱበትን ቢጽፉልን፣ በተለይ ከአንዱ ሽማግሌ ጋር ያደረጉትን ንግግር፣ ኢንሻአላህ በዚሁ አምድ እናወጣዋለን።

አላህ (ሱ.ወ.) ለአባትዎ ጀነትን፣ ለእርስዎ የሚጠቅም ዕውቀትን፣ ለልጆችዎም የአያታቸውን ቋንቋ ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።